የፍሬኑ ትርፍ የማን ነው?

ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ይሮጣል? ዳገት ላይ እንዴት ነው? ነዳጅ ይበላል ወይ? በስንት ሜትር ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። መሮጥ ያስመሰግናል፤ መቆም ወሬ የሚሆነው ሳይሳካ የቀረ ዕለት ብቻ ነው። ለመሆኑ ፍሬን የማን ንብረት ነው? የባለ መኪናው ነው ወይስ መንገድ የሚሻገረው የማያውቀው ሰው? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

በቅርቡ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ የሁለት ፍሬን ዲስኮች ፎቶግራፍ ላከልኝ። አንደኛው ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሸራውን አቅፎ የሚይዘው ክፍልም ደማቅ ቀይ ተቀብቷል። ሁለተኛው ወፍራም፣ ለጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ብረት ነው። «አባዬን ጠይቅልኝ፤ የቱን ልግዛ?» ይላል መልእክቱ። አባቱ፣ ማለትም አጎቴ፣ ዛሬ ቤት ቢውሉም ሠላሳ ዓመት ያህል በአዲስ አበባና በጎጃም መካከል የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

የልጁ መኪና የ2003 ሥሪት ፎርድ ላይትኒንግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፒክ አፕ ይባል እንጂ ለጭነት ሳይሆን ለፍጥነት የተሠራ፣ 380 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች በአሜሪካ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1991 ጂ ኤም ሲ «ሳይክሎን» ብሎ ያወጣው ፒክ አፕ ከጣሊያኑ ፌራሪ ጋር ለፍጥነት ተወዳድሯል። እንዲጭን የተፈቀደለት ግን 500 ፓውንድ፣ ማለትም ከሁለት ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በ2004 ደግሞ ዶጅ ራም ኤስ አር ቲ 10 በሰዓት 248 ኪሎ ሜትር ሮጦ የፒክ አፕ መኪኖችን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶግራፎቹን አገላብጠው አዩ።

«ይኼ መኪና ምን ይጭናል?»

«ምንም አይጭንም፣ ጋሼ። ለፍጥነት ነው የተሠራው።»

«በረሃ ይወርዳል?»

«አይወርድም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያቆመው?»

የሚያቆመው ፍጥነቱን ነው። ፍሬን የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ቆይቶ ቀጥ ሲል የሚወጣው ሙቀት ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በአራት ዲስኮች ላይ ይወርዳል፤ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ዲስክ ማለት በቅድሚያ ሙቀት ችሎ የሚይዝና ቶሎ የሚያስወጣ ብረት ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹስ ለምንድን ናቸው? በቀድሞው ዘመን የፍሬን ሸራ እጅግ ሲግል ጋዝ ያወጣ ነበር። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ፍሬኑን ያላላዋል። ቀዳዳው ለዚያ መውጫ እንዲሆን የተፈጠረ ነው። የዛሬ ሸራዎች ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሶላቸዋል። ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ግን ሙቀት የሚሸከመው ብረት ይቀንሳል፤ ብዙ ሲግልና ሲቀዘቅዝም ከቀዳዳው ጠርዝ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። መስመር የተቀደደለት ዲስክ የሸራውን ፊት ይጠርጋል፤ በምትኩ ሸራውን ቶሎ ይበላዋል። በውስጡ የአየር መተላለፊያ ያለው ወፍራምና ለጥ ያለ ዲስክ ደግሞ በቸርኬው መካከል ለሚያይ ሰው የሚያምር ነገር የለውም። ለከባድ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የመካኒክ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለን ልጁን መክረን ማለፍ እንችል ነበር። ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማና አስፋልት ነው። ጤነኛ ፍሬን ጎማውን እስከ መጨረሻው አቅሙ ማሠራት ከቻለ፣ ትልቅ ዲስክ የመጀመሪያዋን ድንገተኛ ማቆሚያ እምብዛም አያሳጥራትም። የሚጠቅመው በአምስተኛውና በአሥረኛው፣ ብረቱ ከጋለ በኋላ ነው። እንግዲህ ባለ ገንዘቡ የገዛው ትርፍ አቅም፣ ማለትም የተወሰኑ ሜትሮች ነው። እነዚህ ሜትሮች የማን ናቸው?

በ1975 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳም ፔልትዝማን አንድ አወዛጋቢ ክርክር አቅርቦ ነበር። መኪና ይበልጥ አስተማማኝ ሲሆን ሾፌሩ ይበልጥ ይደፍራል፤ ጉዳቱም በከፊል ወደ እግረኛው ይዛወራል ይላል። በ1980ዎቹ በጀርመን፣ በሙኒክ ከተማ፣ ከፊል ታክሲዎች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤ ቢ ኤስ ተገጠመላቸው፤ የቀሩት ሳይገጠምላቸው ቀሩ። አደጋው እንደታሰበው አልቀነሰም። አዲሱ ፍሬን ያላቸው ሾፌሮች ኩርባ ላይ ይበልጥ በኃይል ይጠመዝዙ፣ መስመራቸውንም እምብዛም አይጠብቁ ነበር። የተሰጣቸውን ትርፍ ሜትር ወስደው በፍጥነት መነዘሩት ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ የደኅንነት መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የመቀመጫ ቀበቶ ስንቱን ሰው ከሞት አትርፏል። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን ሥነ ምግባር አይሆንም፤ ትርፉን ማን እንደሚበላው የሚወስነው መሪውን የያዘው ሰው ነው።

ይህን ለአጎቴ ባጫውታቸው ጥቂት ዝም አሉና ከዚህ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። የአሮጌ ሾፌሮች ሕግ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው። ፍሬን እየረገጡ የወረዱ እንደሆነ ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። አጎቴ ይህን ሕግ ያውቁ ነበር። በዚያ ሰሞን የኋላው ሸራ ማለቁንም ያውቁ ነበር። በእጃቸው ጥቂት ገንዘብ ገብቶ ነበርና ለጋቢናው መጋረጃና ባለ ቀለም መብራት ገዙበት። ሸራውን «ለሚቀጥለው ጉዞ» አሉት። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ፍሬኑ ከዳቸው። መኪናውን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግተው እያፋጩ ሊያቆሙ ሲታገሉ፣ ረዳታቸው ታኮ ይዞ ዘለለ። ጎማው ከታኮው ጋር እግሩንም ያዘው።

«እኔ አንድ ጭረት አልነካኝም» አሉ። «መብራቱም አልተሰበረም።»

ልጁ ከዚያ በኋላ እያነከሰ ኖረ። አጎቴ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከደመወዛቸው ከፍለው ይረዱት እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከቤተሰቡም ያወቀ አልነበረም።

ዕዳውን የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው ጉዳዩን የሞራል ጉዳይ የሚያደርገው። የራሴን ሸሚዝ ባሳምር ወይም ባላሳምር የእኔ ፋንታ ነው። ፍሬን ግን በእኔ ገንዘብ የሚገዛ የሌላ ሰው ዋስትና ነው። የአዲስ አበባ ሰው አንድ ሰሞን አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በወንበሩ ምቾት አልነበረም፤ ስሙን ያወጣው ከፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው። የልጁም ክርክር፣ «ፈጣን መኪና አለኝና ጠንካራ ፍሬን ያስፈልገኛል» የሚለው፣ ግማሹ እውነት ነው። ጠንካራ ፍሬን ያስፈልገዋል። ይበልጥ ለመፍጠን ፈቃድ እንዲሆነው የገዛው እንደሆነ ግን የእግረኛውን ሜትሮች በራሱ ገንዘብ ገዝቶ መልሶ ሰርቋል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ሴኮንድ ስልክ መመልከት 28 ሜትር ያህል ይበላል። ያንን የሚመልስ ዲስክ የለም።

ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሳኑ ነፍስን በሁለት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ መስሏታል። አንዱ ፈረስ ገር ነው፤ ሌላው እልኸኛ ነው። ሠረገላ ነጂው የሚያፈቅረውን ሰው ፊት ባየ ጊዜ ከአክብሮትና ከፍርሃት የተነሳ ልጓሙን በኃይል ስለሚስበው ሁለቱም ፈረሶች በኋላ እግራቸው ይቀመጣሉ። ይህን ክፍል እንደገና ሳነብ የገረመኝ ነጂው የቆመበት ምክንያት ነው። ያቆመው ገደል አይደለም፤ ቅጣትም አይደለም። የሌላ ሰው ፊት ነው።

ለአጎቴ «እንግዲህ ምን ልበለው?» አልኳቸው።

«ቀዳዳ የሌላትን ይግዛ» አሉ። «ሲገዛ ግን ለራሱ የገዛት አይምሰለው።» ቀጥለውም፣ ፎቶግራፉን ወደ እኔ እየመለሱ፣ «የፍሬን ዘይቱንስ መቼ ነው የቀየረው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ የቱንም ያህል ውድ ዲስክ ቢገጠም ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ዋጋው ከዲስኩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከውጭ አይታይም፤ ማንም ስለ እሱ ፎቶግራፍ አይልክም።

የአጎቴን ጥያቄ እንዳለ ጽፌ ላክሁለት። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «አላስታውስም» ይላል።