የዕረፍት ዜማና ወሰኑ

ሙዚቃ የሚሠራው ይደመጥ ዘንድ ነው የሚለው ቃል ለክርክር የሚሆን ቀዳዳ ያለው አይመስልም፤ ባለ ዜማው ድምፁን የሚያነሣው ጆሮ ሽቶ ነው፤ ጆሮውን የሰጠም ሰው ልቡናውን አብሮ ሊሰጥ ይገባል፤ ይህ ካልሆነማ ዜማና የጋሪ ኳኳታ በምን ይለያሉ ያሰኛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1920 በፓሪስ ከተማ በአንድ የሥዕል አዳራሽ፣ ኤሪክ ሳቲ የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲ «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» ብሎ የሰየመውን ድርሰት በተውኔት ዕረፍት መካከል ባስጫወተ ጊዜ፣ ታዳሚው ወሬውን አቋርጦ ወደየወንበሩ ተመልሶ ጸጥ ቢልበት፣ ደራሲው ራሱ በሰዉ መካከል እየተዘዋወረ እንዲያወሩ፣ እንዲንቀሳቀሱ፣ ጆሮም እንዳይሰጡት ይማጠን ጀመር። ስሙልኝ ብሎ የለመነ ደራሲ በየዘመኑ ሞልቷል፤ አትስሙልኝ ብሎ የለመነ ግን ብርቅ ነው።

ልመናው በጊዜው እንደ ቀልድ ታይቶ ቀረ። ከ70 ዓመታት በኋላ ግን የሳቲ ቀልድ «ቺል አውት» እና «ዳውን ቴምፖ» የሚል ስም ተለጥፎለት በየሙዚቃ መደብሩ የራሱን መደርደሪያ ያዘ። በዚያ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡት አልበሞች የሚበዙት የአንድ ዘፋኝ ሥራ አይደሉም፤ አንድ መራጭ ከየአገሩና ከየደራሲው ለቃቅሞ በአንድ ሲዲ ላይ የደረደራቸው ረጋ ያሉ ዜማዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቃል የላቸውም፤ ቃል ያላቸውም ቢሆኑ ቃሉ እንደ ዕጣን ጢስ ሳስቶ ነው የሚደርሰን። ሰው ምን ያገኝባቸዋል ተብሎ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ዝግታቸውን» የሚል ነው። እርግጥ የዳንስ ቤት ሙዚቃ በደቂቃ 120 ጊዜና ከዚያም በላይ ሲመታ፣ ዳውን ቴምፖ የሚባለው ከ110 በታች፣ አንዳንዱም እስከ 60 ወርዶ፣ ተቀምጦ በሚያርፍ ሰው የልብ ትርታ ልክ ይሄዳል። ነገር ግን ዝግታ ብቻውን ዕረፍትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታው የግድግዳ ሰዓት ለሁላችን በበቃን ነበር፤ የግድግዳ ሰዓት በሌሊት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያውቀዋል።

ለእኔ ወደ ተሻለው መልስ የሚመራኝ በብራያን ኢኖ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ ላይ ታክሲ ገጭቶት በቤቱ ተኝቶ ሳለ አንዲት ወዳጁ ልትጠይቀው መጥታ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሃርፕ ዜማ የተቀረጸበት ሸክላ ሰጠችው፤ እርሷ ከሄደች በኋላ እንደ ምንም ብሎ ሸክላውን ካጫወተና ተመልሶ ከተጋደመ ወዲያ፣ ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ መከፈቱን፣ ከማጫወቻውም በአንዱ ወገን ድምፅ አለመውጣቱን ልብ አለ፤ ተነሥቶ እንዳያስተካክለው ግን አቅም አነሰውና፣ ዜማውን በውጭ ከሚወርደው ዝናብ ጋር እንደ ተቀላቀለ ሰማው። ኢኖ ከዚህ የወሰደው ሐሳብ ሙዚቃ እንደ ብርሃንና እንደ ዝናብ የአካባቢ ክፍል መሆን ይችላል የሚል ነው፤ በ1978 ለአውሮፕላን ጣቢያ የሚሆን ሙዚቃ ብሎ አልበም ያወጣውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። እኔ ከታሪኩ የምይዘው ግን ሌላውን፣ ማለት ሰውዬው መነሣት አለመቻሉን ነው። ከፍ ላድርገው፣ ዝቅ ላድርገው፣ ይኸኛውን ላሳልፈው እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያዝዝ የሚውለው ፈቃዳችን በዚያ አልጋ ላይ ግዛቱን ተቀማ፤ ጆሮም ያለ ጌታ ብቻውን ቀረ። ኢኖ ያን ዕለት ያረፈው ሙዚቃው ስላሳረፈው ይሁን ምርጫ ስለ ተነሣለት ብዬ ብጠይቅ፣ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ምርጫ ሲነሣ የሚገኘው ይህ ዕረፍት በዳንስ ቤትም ታይቷል፤ በ1989 ለንደን ውስጥ «ሄቨን» በሚባለው ዳንስ ቤት፣ «ላንድ ኦፍ ኦዝ» በሚሉት ምሽት፣ ከዋናው አዳራሽ ተለይታ ለደከማቸው የተዘጋጀች ክፍል ነበረች፤ አሌክስ ፓተርሰንና ጂሚ ኮቲ በዚያች ክፍል ከበሮ የሌለበትን ወይም ከበሮው የራቀበትን ድምፅ እየደራረቡ ያሰሙ ነበር። ኮቲ ከባልደረባው ጋር በ1990 ያወጣው አልበም፣ ከቴክሳስ ወደ ሉዊዚያና በሌሊት የሚደረግ ምናባዊ ጉዞ ሆኖ፣ ስሙ ራሱ «ቺል አውት» ነው። ወደዚያች ክፍል የሚገባ ሰው እግሩ ብቻ አይደለም የደከመው፤ ከድምፅ ጋር እኩል ለመሮጥ ሲታገል ያመሸ ፈቃዱም ዝሏል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው መርጦ እንዲያስቀምጥለት ይወዳል።

ነገሩ መልኩን የያዘው ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኘው በስፔን ደሴት፣ በኢቢዛ ነው። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ዳርቻ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ወደ ባሕሩ መልሶ የተሠራው ካፌ ዴል ማር በ1980 ተከፈተ። ሆሴ ፓዲያ የተባለው ዲጄ በ1975 ወደ ደሴቲቱ መጥቶ፣ የመረጣቸውን ዜማዎች በካሴት እየቀዳ በገበያ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1991 የዚያን ካፌ የማጫወቻ ወንበር ያዘ። ሥራውም ይህ ነበር፦ እንግዳው በድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ወደ ባሕሩ ሲመለከት፣ ፀሐይ ወደ ውኃው ስትወርድ፣ ዜማው ከእርሷ ጋር እንዲወርድ ማድረግ። ፀሐይዋን በዓይኑ እየለካ አንዱን ዜማ በሌላው ላይ ይተካል፤ በሰኔ አጋማሽ የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን በመስከረም መጨረሻ 2 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለችና፣ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆነውም።

ጀምበር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ትጠልቃለች ማለት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ በጋም ሆነ ክረምት በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትገባለች፤ አገባቧም ቀጥ ብላ ወደ ታች ስለሆነ፣ ከገባች በኋላ ያለ መብራት መተያየት የምንችለው ለሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከብቱን ያልከተተ እረኛ ይሮጣል። በኢቢዛ ሰማይ ግን ፀሐይ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ትወርዳለች፤ በሰኔ ወገግታዋ ከገባችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ ይህ ዝግተኛ ዜማ ዝግተኛ ጀምበር ካለበት አገር መወለዱ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የእኛ ሠርክ የሚያስቸኩል ሠርክ ነው።

ፓዲያ በ1994 የመጀመሪያውን የካፌ ዴል ማር አልበም ሲያወጣ እንግዲህ አንድ ከባድ ነገር ሞከረ፤ በዓይን እየታየ የሚመረጠውን፣ ዓይን በሌለበት ቦታ እንዲሠራ አደረገ። በዚያ አልበም ውስጥ ሳብርስ ኦፍ ፓራዳይዝ የተባሉት «ስሞክቤልች 2» የተሰኘው የዳንስ ቤት ዜማቸው ከበሮው ወጥቶለት ይሰማል፤ ያው ዜማ፣ ያው ቃና ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽሉ ተቀምጦ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዜመው ሆነ እንጂ። ለመደነስ የተሠራውን ዜማ ለማረፍ ያበቃው መራጩ የሰጠው ስፍራ ነው፤ ከምን ቀጥሎ መጣ፣ ከምንስ በፊት ሆነ የሚለው ነው።

መራጭ ደራሲ ነውን? ብዙ ሰዎች የሌላውን ድካም ሰብስቦ በስሙ የሚሸጥ ነጋዴ ነው ብለው ይንቁታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው ግን ይህ ንቀት አይዋጥም። ግብረ ሕማማትን ያየ ሰው ያውቃል፤ ከኦሪት፣ ከነቢያት፣ ከወንጌልና ከድርሳናት የተውጣጣው ንባብ ሁሉ አስቀድሞ የነበረ ነው፤ የሰብሳቢው ድርሻ ይህ በነግህ፣ ይህ በቀትር፣ ይህ በሠርክ ይነበብ ብሎ ለእያንዳንዱ ሰዓቱን መስጠት ነው። ያንኑ የነቢይ ቃል በሌላ ቀን ብታነበው ትርጓሜውን ታገኛለህ፤ በዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ስትሰማው ግን ጉልበትህ ይከዳሃል። ቅዱሱን መጽሐፍ ከመሸታ ቤት ሲዲ ጋር አስተካከለ የሚለኝ ቢኖር፣ ያስተካከልሁት መጽሐፉን ሳይሆን የሰብሳቢውን ግብር ነው፤ ሰዓትን ማወቅ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ለማሳየት ያህል።

ይህን ሁሉ ስል በዘርፉ ያለውን እብለት ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ፓዲያ ስድስቱን የመጀመሪያ ስብስቦች ከመረጠ በኋላ ሥራው ወደ ሌሎች እጅ አለፈ፤ በፓሪስም ቡዳ ባርና ሆቴል ኮስት በ1999 የየራሳቸውን ስብስብ ማውጣት ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሆቴል ሁሉ፣ መታሻ ቤት ሁሉ የባሕር ማዕበል ሥዕል ያለበት ሲዲ ያስጮህ ጀመር። ከዚህ ቀደምም ሙዛክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፋብሪካና ለቢሮ የሚሆን ሙዚቃ በሽቦ እየላከ ሲሸጥ፣ ሠራተኛው እንዳይዝል ኃይሉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ የ15 ደቂቃ ዜማ፣ ከዚያም የ15 ደቂቃ ጸጥታ እያፈራረቀ ያሰማ ነበር። የካፌውም የሙዛክም ዜማ ሁለቱም ሳይደመጡ የሚሰሙ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሰውየውን ለራሱ ያሳርፈዋል፣ ሌላው ለአሠሪው ያነቃዋል። ይህን ልዩነት ጆሮ አይነግረንም፤ ዜማውን ማን፣ ለማን ብሎ እንደ ደረደረው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ እኛ ጂጂ የምንላት፣ በ2001 በስሟ ያወጣችውን አልበም ቢል ላስዌል በ2003 እንደ ገና ሠርቶት «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም አውጥቶታል፤ በዚህኛው ድምጿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ በባዶ ሸለቆ እንደሚስተጋባ ጥሪ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። አማርኛ የማያውቅ ሰው በዚህ አልበም ደኅና አድርጎ ያርፋል። እኔ ግን ልሰማው በሞከርሁ ቁጥር ጆሮዬ የጎደለውን ቃል ፍለጋ ይባዝናል፤ እርሱ ሙዚቃ የሚሰማበት ስፍራ ላይ እኔ የተቋረጠ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ። የትዝታ ቅኝታችንም እንዲሁ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ ስብስብ ዓለምን ከዞረ ወዲህ፣ ለእኛ የናፍቆት እሳት የሆነው ለሌላው የቡና ሰዓት ማለስለሻ ሆኗል። ከዚህ የምረዳው፣ ከዚህ ዕረፍት አንዱ ክፍል ካለማወቅ የሚገኝ ዕረፍት መሆኑን ነው፤ የማይገባን ቋንቋ ምንም አያዝዘንም። ስለዚህ የሌላውን አገር ልቅሶ እያጣጣምን ማረፋችንን ባልነቅፈውም፣ በሙሉ ልቤ ላመሰግነው አልችልም።

ዛሬ ሲዲው ቀርቶ ዝርዝሩ ወደ ስልክ ገብቷል፤ መራጩም ትናንት የሰማኸውን አይቶ ዛሬ የሚመስለውን የሚያቀብልህ ማሽን ነው። ምርጫ ከተነሣልን ምን ጎደለ? የጎደለው ፍጻሜ ነው። ሲዲ ሲወጣ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ነበር፤ መራጩ በዚያ ውስጥ መጀመርም መጨረስም ግዴታው ነው። የማሽኑ ዝርዝር ግን ጀምበር የማትጠልቅበት ሠርክ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ከአምስት ሰዓት በኋላም ያው ወገግታ። እንግዳውን ደኅና እደር የማይል ባለ ቤት ደግሞ ደግ ቢመስልም አያሳርፍም፤ መቼ እንደምነሣ የመወሰኑን ሸክም መልሶ በእኔ ላይ ጭኖታልና።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሲመለስ ከእነዚህ ሲዲዎች አንዱን ይዞ መጥቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ በሚያይ ክፍል ተቀምጠን ሰማነው። መጀመሪያ እናወራ ነበር፤ ከዚያ ወሬው ራሱ ሳሳ፤ ጀምበሯ እንደ ልማዷ ቸኩላ ስለ ገባች አልበሙ ከግማሽ በላይ የተጫወተው በጨለማ ነው። ሲዲው ሲያልቅ በማጫወቻው ውስጥ የሚሽከረከረው ነገር ቀስ እያለ ሲቆም ተሰማን፤ ሁለታችንም አልተነሣንም። ቆይተው እናቱ ከጓዳ ብቅ አሉና «ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ በጨለማ የተቀመጣችሁት?» ብለው መብራቱን አበሩት።

ፓዲያ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. በዚያችው በኢቢዛ ዐረፈ። አንባቢ ሆይ፣ ከመረጣቸው ስብስቦች አንዱ እጅህ ቢገባ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ በሚያይ ክፍል፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ክፈተው፤ አንዱንም ዜማ አትዝለል፤ ሲያልቅም ዳግመኛ አታስጀምረው።