ያላዩትን ስለ መመልከት

በሥነ ልቦና ምክርና በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ዘርፍ «ሱፐርቪዥን» የሚባለው፣ አማካሪው ወይም አገልጋዩ ልምድና ሥልጠና ካለው ሌላ ባለሙያ ጋር በየጊዜው እየተቀመጠ፣ ከሰዎች ጋር የሠራውን የሚመረምርበት ቋሚ ግንኙነት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቁጥጥር» መባሉ ግን ነገሩን ከመነሻው ያጣምመዋል፤ ቃሉ መዝገብና ማኅተም የያዘ አለቃን ያስታውሳልና። የላቲኑ ቃል ጥሬ ትርጉም «ከላይ ማየት» ሲሆን፣ ከግሪክ የመጣው ኤጲስ ቆጶስ የሚለው የማዕረግ ስምም በአፈጣጠሩ ያንኑ ይላል። ሁለቱም ማየትንና የበላይነትን አንድ ላይ ቋጥረዋል፤ ቋጠሮው የግድ ነውን የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው፣ ሱፐርቫይዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሲሠራ በቦታው አለመኖሩ ነው። ምክር ፈላጊው ያለቀሰበት ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም፤ የሚያገኘው አማካሪው የሚነግረውን ብቻ ሲሆን፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ነጋሪው የራሱን ድርሻ ማሳመሩ አይቀርም። አሜሪካዊው ቄስ አንተን ቦይሰን፣ ራሱም በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በማሳቹሴትስ በዎርስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በሕሙማን መካከል ማሠልጠን ጀመረ፤ በዚሁ የሥልጠና መስክ ራስል ዲክስ ያስለመደው ዘዴ ደግሞ፣ ተማሪው ከሕመምተኛው ጋር የተነጋገረውን ከትዝታው ቃል በቃል እንዲጽፍ የሚያደርግ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በማስረጃነቱ ደካማ ነው፤ ትዝታ መርጦ ይይዛልና። ጥቅሙ ያለው ግን በዚያው በድክመቱ ላይ ነው። ሕመምተኛው «መሞቴ ነው» ሲል አገልጋዩ ፈጥኖ ወደ ጸሎት የዞረ እንደ ሆነ፣ ያ አንድ መስመር ጸሎቱ ይበልጥ ያስፈለገው ለማን እንደ ነበር ያሳብቃል፤ የተዘለለውም ከተጻፈው ባልተናነሰ ይናገራል።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃሮልድ ሰርልስ እ.ኤ.አ. በ1955 ከዚህ አልፎ፣ በሐኪሙና በታማሚው መካከል ያለው ነገር በሐኪሙና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ሳይታወቅ እንደሚንጸባረቅ ጻፈ፤ ይህም በኋላ «ትይዩ ሂደት» ተብሏል። ተስፋ የቆረጠን ሰው ሲያማክር የሰነበተ ባለሙያ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ሲቀመጥ ራሱ መላ የጠፋበት ሆኖ ይገኛል፤ ሱፐርቫይዘሩም በተራው መፍትሔ ለማዘዝ ይቸኩላል። እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ከበር ውጭ አልቀረም፤ አማካሪው በአነጋገሩ፣ በዝምታውና በድካሙ ተሸክሞት ገብቷል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ይህን ሲያነብ የንስሐ አባት ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ ካህኑም ራሱ የንስሐ አባት አለውና። ሁለቱ የሚጠይቁት ግን አንድ አይደለም፤ ኑዛዜ በደልን ሲፈልግ፣ ሱፐርቪዥን ምንም በደል ባልተሠራበት፣ አገልጋዩ በቅንነት አድርጎት ባልገባው ነገር ላይም ይቆያል። ያም ሆኖ ኑዛዜ አንድ ቁም ነገር ያውሳል፤ የንጉሥ ነፍስ አባት የንጉሡ ተገዥ ነበር፣ ንጉሡ ግን በእርሱ ፊት ይናዘዝ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ም ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ የመከረው አማቱ ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ሽማግሌዎች አንዱ አልነበረም፤ ሌላው ተሰልፎ የለመደውን እርሱ በእንግዳ ዓይን አየው፤ መክሮም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ማየት ከላይ ወደ ታች ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ተመልካች ከበላዩ ሌላ ተመልካች ስለሚያሻው ሰንሰለቱ ማብቂያ አይኖረውም፤ ከጎን የሚደረግ ከሆነ ግን የመጨረሻው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከስማል፤ ሁለት ባልንጀሮች አንዱ የሌላውን ጀርባ ማየት ይችላሉና። የብሪታንያ የምክርና የሳይኮቴራፒ ማኅበር በሥራ ላይ ያለ አባል ሁሉ፣ አንጋፋውም ሳይቀር፣ ሱፐርቪዥን እንዲያገኝ መጠየቁ ትርጉም የሚኖረው በዚህ መልክ ሲታሰብ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አይቃለልም። በአውስትራሊያ ተቋማት ውስጥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት የመረመረው ሮያል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ በሃይማኖት አገልግሎት ላይ ያሉ ሁሉ፣ መሪዎቹ ጭምር፣ ከተቋማቸው በተወሰነ ደረጃ ነፃ የሆነ የሠለጠነ ሱፐርቫይዘር እንዲኖራቸው አሳሰበ። «በተወሰነ ደረጃ» የሚለው ሐረግ ችግሩን ሁሉ ተሸክሟል። ሱፐርቫይዘሩ የሰማውን ሁሉ ለጳጳሱ ወይም ለሽማግሌዎች ጉባኤ የሚያደርስ ከሆነ፣ አገልጋዩ የሚናገረው የማያስጠይቀውን ብቻ ይሆናል፤ ምንም የማያደርስ ከሆነ ደግሞ ሕፃን ለሚጎዳ ሰው ምስጢር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ምን እንደሚተላለፍና ምን እንደማይተላለፍ ገና አንድ ምስጢር ሳይነገር በጽሑፍ መስማማት ከሌሎቹ መንገዶች የተሻለ ይመስላል፤ ይሁንና ወሰኑን አስቀድሞ ያወቀ በደለኛ ምን መደበቅ እንዳለበትም ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሱፐርቪዥን አያጋልጠውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ያ በመጀመሪያ የተነቀፈው ቃል፣ ቁጥጥር፣ ከነመዝገቡና ከነማኅተሙ ነው።