ቆጣሪ አይገባም ለተባልሽው ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ ቤትሽ ስመጣ ሻወሩ ሥር ባልዲ ተቀምጦ አየሁ። ውሃው እስኪሞቅ የሚፈሰውን አጠራቅመሽ ወለል እንደምታጥቢበት፣ ልብስም በአሥር ቀን አንዴ ብቻ እንደምታጥቢ ነገርሽኝ። ከዚያ የውሃ ቢሉን ከመሳቢያ አውጥተሽ ሰጠሽኝ፤ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ለዓመት ከ700 ፓውንድ በላይ። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ቆጣሪ ይግባልኝ ብዬ ብለምን አይቻልም አሉኝ» ስትዪ እንባሽ ቀረበ። ሰው ስለነበረ ያን ዕለት ብዙ አላወራሁሽም። ዛሬ ቁጭ ብዬ የማውቀውን እጽፍልሻለሁ። እዚህ ለንደን እንዳንቺ ባለ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ልጆቻችን ስላሉ ለእነሱም ይድረስ።

መጀመሪያ ባልዲውን አንሺው። ቁጠባን ጠልቼ አይደለም፤ ሙቅ ውሃ ስትቀንሺ የጋዝ ወይም የመብራት ክፍያሽ ስለሚቀንስ ሻወሩን ማሳጠርሽ ጥሩ ነው። የውሃ ቢሉ ግን በዚህ ንቅንቅ አይልም። ቆጣሪ በሌለው ቤት በቀን አንድ ጆግ ብትጠቀሚም፣ ቧንቧውን ከፍተሽ ብታድሪም የምትከፍዪው ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ የሚባለው ይኸው ነው። ድካምሽ ሁሉ በማይሰማ ነገር ላይ እየፈሰሰ ነው።

ይህን ለማመን የሚከብደን ካስተዳደጋችን ነው። አዲስ አበባ ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ተተክሎ ይታያል። በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ ቢኖር እንኳ ወር ሲሞላ አከራይዋ ሂሳቡን በሰው ቁጥር ታካፍላለች፤ እንግዳ የሰነበተበት ቤት ይጨመርበታል። ክፍፍሉ ቢያጣላም መነሻው የፈሰሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ትልቅ ቢል ሲመጣብን «ብዙ አፍስሼ ነው» ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። ልጆቻችንን ሻወር ቤት በር ላይ ቆመን የምንቆጣውም ለዚህ ነው።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ቆጣሪ የሌለው ቤት የሚከፍለው ግን በግድግዳው ነው። ቢልሽን ገልብጪውና «ሬተብል ቫልዩ» የሚል ቃልና ከጎኑ አንድ ቁጥር ፈልጊ። ያ ቁጥር ቤቱ በዓመት ስንት ሊከራይ ይችላል ተብሎ የተገመተበት ዋጋ ነው። የግምቱ መሠረት በ1973 እኤአ የወጣው መዝገብ ነው፤ እኛ አገር ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ የነበሩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ግምቱ ለቤት ግብር ማገልገሉ በ1990 ቀርቶ ቁጥሩ በዚያው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አልታደሰም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ካውንስል ታክስሽ ላይ ያለውን ደረጃ መከራከር ትችያለሽ፤ ይህን ግን አትችዪም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ይኑር ስድስት፣ ቁጥሩ አያውቅም። በዚያ ላይ በሚያዝያ 2025 የውሃ ዋጋ በመላው እንግሊዝና ዌልስ በአማካይ 26 በመቶ ጨምሯል፤ የአንድ ቤት አማካይ የዓመት ክፍያ 603 ፓውንድ ደረሰ። ያንቺ ቢል በአንድ ጊዜ የተስፈነጠረው ለዚህ ነው፤ በእጅሽ ጥፋት አይደለም። (ስኮትላንድ ያሉ ዘመዶቻችን የውሃውን ከካውንስል ታክስ ጋር ስለሚከፍሉ ይህ ምክር እነሱን አይመለከትም።)

አሁን ወደ ቆጣሪው። በ1999 በወጣው የውሃ ሕግ መሠረት ቆጣሪ በነጻ እንዲገባልሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ተከራይ ብትሆኚም ውልሽ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠየቅ ትችያለሽ፤ አከራይሽን ማሳወቁ ግን ለሰላም ይጠቅማል። ኩባንያው እምቢ ማለት የሚችለው ሥራው የማይሆን ወይም ከመጠን ያለፈ ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን ብቻ ነው። እንደኔና እንዳንቺ ቤት ባለው፣ አንድ አሮጌ ቤት ለሦስት ለአራት ፍላት በተከፋፈለበት፣ ብዙ ጊዜ የማይሆን ይሆናል።

የኔን ላጫውትሽ። ባለቤቴ ካረፈችና ልጆቹም ከወጡ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ፤ ቢሉ ግን አራት ሆነን ስንኖር የምንከፍለውን ነበር። ቆጣሪ ጠየቅሁ፣ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ተላከልኝ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንድከፍት ነግሮኝ ወጣና መንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ የብረት ክዳን በመፈልቀቂያ አነሳ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ መዝጊያውን አዞረ። የኔ ውሃ እየቀጠነ ሄዶ ጠብታ ሆነ፣ ቆመ። ደስ አለኝ፣ ለካስ የራሴ ቧንቧ አለኝ ብዬ። ወዲያው ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ባዶ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ወረደች፣ «ውሃው ምን ሆነ?» እያለች። እሷን ተከትሎ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከመንገድ የሚገባው አንድ ቧንቧ ነው፤ ወለሉ ሥር ገብቶ ነው ለሦስት የሚከፈለው። እዚያ ቆጣሪ ቢተከል የሦስታችንንም ውሃ በኔ ስም ይቆጥራል። ገብቶ የወጥ ቤቱን መታጠቢያ ሥር በባትሪ አየ፤ እዚያም መጸዳጃ ቤቱን የሚመግበው ሌላ መስመር ሆኖ ተገኘ። አንድ ካርድ ላይ «አይቻልም» የሚለውን ምልክት አድርጎ ሰጥቶኝ ሄደ።

ያችን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። አራት ዓመት! ዝም አይነቅዝም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ አንዴ «አይቻልም» ከተባልን ሁለተኛ መጠየቅ ነገር መፈለግ ይመስለናል። አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቢል ስከፍል፣ ያች ካርድ ራሷ ገንዘብ እንደነበረች የነገረኝ ሰው የለም። ከኩባንያውም አንድ መስመር አልተጻፈልኝም። በመጨረሻ የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ቤቶች ጽሕፈት ቤት የምትሠራ እህት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆጣሪ ጠይቀሽ መግባት ካልቻለ፣ ኩባንያው «አሰስድ ቻርጅ» የሚባል ሌላ ስሌት ሊያቀርብልሽ ይገባል። ይህ በ1973ቱ ግምት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ቆጣሪ ቢኖርሽ ኖሮ ምን ያህል ትከፍዪ ነበር የሚለውን ለመቅረብ የሚሞክር ነው። አንዳንዱ ኩባንያ በመኝታ ክፍል ቁጥር፣ ሌላው በቤቱ ዓይነት፣ ሌላው በነዋሪው ቁጥር ያሰላዋል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ዝቅ ያለ የተለየ ተመን ያላቸውም አሉ። ስለዚህ ስትጠይቂ ብቻሽን መኖርሽን በግልጽ ተናገሪ፤ ሳትናገሪ ማንም አያውቅልሽም። የመኝታ ክፍል ቁጥሩንም ራስሽ አጣሪ፤ ሳሎንሽ እንደ መኝታ ተቆጥሮ እንዳይሆን።

ቸኩለሽ ግን አትቀይሪ። ድሮ ዝቅ ብሎ የተገመተ ቤት ከሆነ አዲሱ ስሌት ከአሮጌው ሊበልጥ ይችላል። «ሁለቱንም አስልታችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ» በያቸው፤ ያነሰውን ምረጪ። በስልክ ካወራሽም በዚያው ቀን ያወራሽውን በኢሜይል ላኪላቸው። አዲሱ ክፍያ ከመቼ ጀምሮ ይታሰባል በሚለው ላይ ክርክር ቢነሳ የምታሳዪው ቀኑን የያዘውን ወረቀት ነው። የጽሑፍ ቅሬታ ሲደርሳቸው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው፤ ካልመለሱ ካሣ ይከፍላሉ። መልሱ ካላጠገበሽ «ኮንሲዩመር ካውንስል ፎር ወተር» የሚባል፣ ከኩባንያዎቹ ነጻ የሆነ የደንበኞች ተቆርቋሪ አለ፤ አገልግሎቱ ገንዘብ አይጠየቅበትም።

ይህን ሳጫውታቸው አንዳንድ ወዳጆቼ ፊታቸው ይጠቁራል። «እኔ ሠርቼ ነው የምበላው፣ ቅናሽ አልለምንም» ይሉኛል። ኩራታቸውን አከብራለሁ፤ አባቴም እንዲህ ነበር። ነገር ግን አሰስድ ቻርጅ ምጽዋት አይደለም። ሌላው ጎረቤት ቆጣሪ ገብቶለት የተጠቀመበትን ሲከፍል፣ አንቺ በቧንቧው አቀማመጥ ምክንያት ያላፈሰስሽውን ስትከፍዪ ኖረሻል። ያንን ማስተካከል ልመና ሊሆን አይችልም።

ኑሮ በእውነት ለከበደው ደግሞ ሌላ በር አለ። ከላይሽ ያለችው የሦስት ልጆች እናት ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምታገኝ ከሆነ «ወተርሹር» ስለሚባለው ጠይቂላት። ከ19 ዓመት በታች የሆኑና ቻይልድ ቤኔፊት የሚከፈልላቸው ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሉት፣ ወይም በሕመም ምክንያት ብዙ ውሃ ለሚያስፈልገው ቤት፣ ክፍያው ከአካባቢው አማካይ እንዳያልፍ ጣሪያ ያበጅለታል። ለቆጣሪ ተጠቃሚዎች የተሠራ ቢሆንም ጠይቆ ያልገባለትን ሰው በር አይዘጋበትም። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ኩባንያ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የራሱ የቅናሽ ተመን አለው፤ ስሙ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ «ሶሻል ታሪፍ» ብለሽ ጠይቂ።

ቢሉ በአከራይ ወይም በካውንስል እጅ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ውሃውን ከኩባንያው ገዝቶ ለተከራይ የሚያከፋፍል አከራይ እሱ ከከፈለው በላይ ማስከፈል አይችልም፤ ቆጣሪ በሌለበት ለድካሙ የሚጨምረው በቀን 1.5 ፔንስ ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱን አሳየኝ ማለት መብትሽ ነው። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፦ በ2016 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሳውዝዋርክ ካውንስል ለዓመታት ተከራዮቹን በዚህ መንገድ ከሚገባው በላይ ማስከፈሉን ወስኖ፣ ካውንስሉ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ገንዘብ መመለስ ግድ ሆኖበታል። ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንዲት ተከራይ ክርክር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ እንዳይነሳሽ። የክፍያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ውሃዬን ይቆርጡብኛል» ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። የመኖሪያ ቤትን ውሃ በዕዳ ምክንያት መቁረጥ በዚያው በ1999ኙ ሕግ ተከልክሏል። ይህ ማለት ግን ደብዳቤውን ሳትከፍቺ ታስቀምጪው ማለት አይደለም። ዕዳው ፍርድ ቤት ሄዶ ስምሽ ላይ ከተመዘገበ ነገ ሌላ ቤት ለመከራየት ስትሄጂ ይገጥምሻል። እየተከራከርሽም ቢሆን የምትችዪውን በየወሩ ክፈዪ፤ የተከፋፈለ ክፍያ ቢጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የቅርብ ጊዜውን ቢል፣ የኪራይ ውልሽንና «አይቻልም» ብለው የላኩልሽን ደብዳቤ ይዘሽ ነይ። ደብዳቤው ከጠፋሽም አትጨነቂ፤ የመጡበትን ቀን ብቻ አስታውሺ፣ ቅጂ እንዲልኩልሽ እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ኢሜይል አብረን እንጽፋለን፤ ሁለተኛውን ራስሽ ትጽፊዋለሽ።