የዒድ ልብሱን ለማን አለበሰው?



ባለፈው ዒድ ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። ጂዳ ያለችው አክስታችን ለታናሽ ወንድሜ የዒድ ልብስ መግዣ ብላ ብር ላከችለት። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ዒዱ ሲደርስ ግን ያችኑ የአምናዋን ጀለቢያ ለብሶ ወጣ። እናታችን "ብሩስ የት ሄደ?" ብትለው ዝም አለ። ማታ ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ። የሚወደው ዘፋኝ በሚጫወተው ጌም ውስጥ መጥቶ ነበር። የዘፋኙ መልክና ልብስ፣ እነሱ "ስኪን" የሚሉት፣ የሚሸጠው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ አይገኝም ተባለ። ሰዓቱ እንዳያልፍበት ሌሊት ተነስቶ ገዛው። የዒድ ልብሱን ስልኩ ውስጥ ላለ አሻንጉሊት አለበሰው ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋ፤ በዚያው ሌሊት ለስኪን የነቃው ልጅ ሱብሂን ተኝቶበት ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንይ። ፎርትናይትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማውረዱም መጫወቱም ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ዓለም በኮሮና ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን፣ አሜሪካዊው ራፐር ትራቪስ ስኮት እዚያው ጌሙ ውስጥ ኮንሰርት አቀረበ። የመጀመሪያውን ዝግጅት ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እንደተከታተሉት ኩባንያው ተናግሯል። ለመግቢያ ማንም ሳንቲም አልከፈለም። ታዲያ ከምን ያተርፋሉ? ከሱቁ ነዋ! የራፐሩ መልክ፣ ልብሱ፣ እንቅስቃሴው ሳይቀር በጌሙ ሱቅ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር።

ይህ የአንድ ጌም ጉዳይ አይደለም። በርካሽ ስልክም ስለሚሠራ ሰፈራችን ድረስ የገባው ፍሪ ፋየር በ2020 መጨረሻ ክርስቲያኖ ሮናልዶን ገጸ ባሕሪ አድርጎ አመጣው። በ2022 አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ ጀስቲን ቢበርን አስመጣ፤ ለጌሙ የተዘጋጀ ዘፈንም ነበረው። በዚያው ዓመት ፐብጂ ሞባይል ብላክፒንክ የሚባሉትን የኮሪያ ሴት ዘፋኞች ይዞ ቀረበ። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ለዓለም ሻምፒዮናው መዝሙር ያሠራል፤ በ2014 ኢማጂን ድራጎንስ፣ በ2022 ሊል ናስ ኤክስ፣ በ2023 ኒውጂንስ። ሊል ናስ ኤክስንማ የጌሙ "ፕሬዚዳንት" ብለው ሾመውት ነበር። የማስታወቂያ ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱን በነፃ ያሰራጨላቸው ማን ነው? እኛው ነን።

አሁን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ኳስ ተጫዋች ለጠመንጃ ጌም ምኑ ነው? ምንም። ነገር ግን እናንተ ትወዱታላችሁ፤ የተፈለገውም ያ ውዴታችሁ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያን ሰው ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ቂያማ መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም ለዚያ ቀን ምን እንዳዘጋጀ መልሰው ጠየቁት። ብዙ ሶላትና ብዙ ፆም እንደሌለው፣ ነገር ግን አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነገራቸው። ከሚወደው ጋር እንደሚሆን አበሰሩት። ሶሓቦች በዚህ እጅግ እንደተደሰቱ አነስ (ረ.ዐ) አውርተዋል። ሐዲሱን ሁሌም እንደ ብስራት እንሰማዋለን፤ ብስራትም ነው። ግን ልብ በሉ፣ ውዴታ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ሐዲሱን ባይቀሩትም ይህንን በደንብ ያውቃሉ።

ሌላም አለ። ድሮ ገበያ ላይ ነጅሽ የሚባል ተንኮል ነበር። ዕቃውን ሊገዛ ያላሰበ ሰው ከገዢዎች መሃል ገብቶ ዋጋ ይጨምራል። ሌላው እሱን አይቶ "ይሄ ሰውዬ ይህን ያህል ካወጣበትማ ጥሩ ዕቃ ቢሆን ነው" ብሎ ይታለላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከልክለዋል። እንዳትሳሳቱብኝ፣ ማስታወቂያ ሁሉ ነጅሽ ነው እያልኩ አይደለም፤ ፈትዋ የኔ ቦታ አይደለም። የሙዚቃውንም ሑክም ለዑለሞቻችን ትቼዋለሁ። እኔን የያዘኝ የማታለያው መንገድ ነው፤ የሌላ ሰው ፍላጎት የሚመስል ነገር አይተን የኛ ፍላጎት ይነሳል። ያ ኮከብ ስኪኑን ሲያሳየን ከኪሱ እያወጣ አይደለም፣ ወደ ኪሱ እየገባለት ነው። ከካሜራው ውጭ ጌሙን ይክፈተው አይክፈተው ማን አየ?

"ኡስታዞች ሁሉንም ነገር ያጠብቃሉ" የምትሉ ካላችሁ፣ የኡስታዝ ያልሆነ ንግግር ልጥቀስላችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን ከሶ፣ ኩባንያው በዲሴምበር 2022 በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል በሚል የመጣ ቅጣት ነው። 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ በሚያደርግ የቁልፎች አቀማመጥ ለተታለሉት የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡስ በፍርድ ይመለስ ይሆናል። ያቺ ሱብሂ ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ትመለሳለች?

ወንድሜን ብቻ አልወቅስም። ሮናልዶ ስንት ጎል እንዳገባ በቃሉ ያውቃል፤ እኔ ታላቁ ስለ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም። ልቡ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ቢገቡበት ምን ይገርማል? ስለዚህ በዚያው ሌሊት ጀመርኩለት። ሙስዐብ የመካ ሀብታም ልጅ እንደነበር፣ በልብሱና በሽቶው የሚታወቅ ወጣት እንደነበር፣ ሲሰልም ያንን ሁሉ ትቶ እንደወጣ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ቁርኣን እንዲያስቀራ እንደላኩት ነገርኩት። ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሲሆን መከፈኛው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይታያል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይታያል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሱን በጨርቁ፣ እግሩን በሳር እንዲሸፍኑት አዘዙ።

ወንድሜ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "እንዲህ የሚያምር ልብስ የነበረው ሰውዬ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ እሱው ነው" አልኩት። "እናቱስ ምን አለች?" አለኝ። እሱ ረጅም ነው፣ እንቅልፍም መጥቶ ነበር። ዛሬ ከጁሙዓ መልስ ካህፍን አብረን ቀርተን እነግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።