ማካፈል ሲባል ምን ማለት ነው?

ደግነት መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሰው ደግ የሚባለው ምን ሲሰጥ ነው? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም ብዙዎቻችን በምንወደው በቪዲዮ ጌም ምክንያት በአዲስ መልክ ስለ መጣብን ጥቂት እንድንወያይበት ወደድን።

ቀድሞ ጌም በዲስክ ይገዛ ነበር። የገዛው ሰው ለጓደኛው ሲያውሰው፣ ዲስኩ እስኪመለስ ድረስ እርሱ ራሱ ሳይጫወት ይቆያል። ማዋስ ማለት የራስን መተው መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እናውቅ ነበር።

ዛሬ ሌሎች መንገዶች ተከፍተዋል። አንደኛው ወርኃዊ ክፍያ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ጌም ፓስ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር፣ በወር 9.99 ዶላር ለሚከፍል ሰው ከ100 በላይ ጌሞችን አቅርቦ ነበር። ይህ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ በሩ ይዘጋል። ክፍያው ሳይቋረጥም አንዳንዱ ጌም ከዝርዝሩ ይወጣል።

ሁለተኛው የቤተሰብ ላይብረሪ ነው። ስቲም በተባለው የጌም መደብር እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአንድ ቤት የሚኖሩ እስከ 6 የሚደርሱ የቤተሰብ አባላት፣ እያንዳንዳቸው የገዟቸውን አብዛኞቹን ጌሞች በጋራ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የተገዛው ቅጂ አንድ ብቻ ከሆነ ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የተዋሰው ሰው በማጭበርበር ቢታገድ የጌሙም ባለቤት ከዚያው ጌም ይታገዳል። አንድ አባል ቢወጣም ቦታው ወዲያው ላይተካ ይችላል፤ የመጠበቂያ ጊዜ አለው።

እኛም በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን በዚሁ ጉዳይ ተከራክረን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድሙ ብዙ ጌም የገዛ ነው፤ እርሱም በወንድሙ ቤተሰብ ውስጥ ተመዝግቧል። «አራት ቦታ ክፍት ነው፤ አራታችሁም ግቡ» አለን። እኛም ደስ አለን። «ቤተሰብ ሳንሆን ቤተሰብ ነን ብለን እንዴት እንመዘገባለን?» ያለ ቢኖርም፣ «አብረን እየበላን፣ አብረን እያደርን ከዚህ የበለጠ ምን ቤተሰብ አለ?» ብለን አፉን አስያዝነው። በኋላ ግን ሌላው ቀስ ብሎ፣ «ታናሽ እኅትህስ?» ሲል ጠየቀ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ገና ኮምፒዩተር ስላልነበራት ማንም አላሰባትም። አራታችን ብንገባ ስድስቱ ቦታ ይሞላል፤ እርሷ በደረሰች ጊዜ ብንወጣላት እንኳ መጠበቅ ሊኖርባት ይችላል። የገዛው ወንድምም ቢሆን አልተጠየቀም፤ የእኛ ጥፋት ግን በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር።

በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል። ጓደኛችን ክፉ አልነበረም፤ ፍቅሩንም አንጠራጠርም። ነገር ግን ሊሰጠን የፈለገው የወንድሙን ገንዘብና የእኅቱን ቦታ እንጂ የራሱን አልነበረም። እኛም ሰጪው ማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እጃችንን ዘርግተን ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነው፣ ማካፈል ማለት ከራስ ቀንሶ መስጠት መሆኑን ነው። ከሰጪው ምንም ሳይጎድል ሲቀር፣ ከማን እንደ ጎደለ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድልበት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የለምና።

በመጨረሻ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ጌም ገዛን። በአንዲት ኮምፒዩተር ተራ በተራ እንጫወታለን። ተራ መጠበቁ አንዳንዴ ያስቆጣናል፤ ሆኖም የምንተወው ተራ የራሳችን ነው። እናንተስ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቅርቡ ለሰው ያካፈላችሁት ነገር የማን ነበር?