በምን እንደሚያሽጉት ሳታውቅ አትፈርም

ልጄ፣ ያገለገለ ትሬለር ገዝተህ ልጆችህን ሼናንዶአ ተራሮች ላይ ልታሳድር ማሰብህ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የትሬለር ጠላቱ ውሃ ነው። በጣሪያው ስፌት የገባ ጠብታ በግድግዳው ውስጥ ተጉዞ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እስክታየው ድረስ ከፋይበርግላሱ ሥር ያለው ቀጭን ኮምፔንሳቶ በስብሶ ግድግዳው ያብጣል። ያንን ማስጠገን ለትሬለሩ ከከፈልከው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።

ማሸጊያ ከመግዛትህ በፊት ጣሪያህ ከምን እንደተሠራ እወቅ። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ፣ ቲፒኦ፣ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ማሸጊያውም ለዚያ ዓይነት ጣሪያ የተፈቀደ መሆን አለበት። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ፣ በአየር ማስወጫውና በአንቴናው ዙሪያ፣ እንደ ዳይኮር ያለ በራሱ ተዘርግቶ የሚደላደል ማሸጊያ ይደረጋል። በግድግዳና በጠርዝ ላይ ግን ይኸው ማሸጊያ ወደ ታች ይፈሳል፤ ለዚያ የማይፈስ ዓይነት አለው። የመስኮት ክፈፍ ካፈሰሰ ተነቅሎ ከሥሩ ቡቲል ቴፕ ይነጠፍለታል። ከውጭ ብቻ መለቅለቅ ቀዳዳውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይደፍነውም።

ሲሊኮን ጣሪያው ላይ አታስነካ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ሲቀባም ያምራል። ሲላቀቅ ግን የሚተወው ቅሪት ሌላ ማሸጊያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ በደንብ አይዝም። ተፍቆ እስኪጠፋ ድረስ የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። የኢፒዲኤም ጣሪያ ስታጸዳም ቤንዚንና መሰሎቹን አትጠቀም፤ ጎማውን ያሳብጡታል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንምጣ፤ የኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ይሉኝታ ይይዘንና ሳንጠይቅ እንፈርማለን። አንተ ጠይቅ። የሚቀቡት ማሸጊያ ስሙ፣ አሮጌውን ፍቀው የሚያነሱ መሆናቸው፣ የሰዓት ዋጋቸውና ሳያስፈቅዱህ የማያልፉት የገንዘብ ልክ በጽሑፍ ይስፈር። ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ ፎቶ እንዲያነሱልህ ጠይቅ። ውሃው የሚገባበትን ካላወቁት፣ ትሬለሩን በማራገቢያ አየር ሞልተው ስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ የሚረጩ ባለሙያዎች አሉ፤ ቀዳዳው አረፋ እያወጣ ራሱን ያጋልጣል። የሚያፈሰውን ቦታ ሳይፈልግ ዙሪያውን ሁሉ ለመለቅለቅ የሚጣደፍ ጋራዥ ካጋጠመህ አመስግነህ ውጣ። ጥሩ ባለሙያ ጥያቄ አያስቀይመውም፤ ስታገኘው በአክብሮት ያዘው፣ ሒሳቡንም በጊዜው ክፈል።

በጸደይ ሁሉም ሰው ስለሚነሳ ጋራዦች ይጨናነቃሉ። መስከረም ውስጥ ደውል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድም ሥራው ይለቅ፣ ከዚያ በታች ማሸጊያው በደንብ አይዝም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ መሰላል አቁመህ እያንዳንዱን ስፌት በዓይንህም በጣትህም መርምር፤ የተሰነጠቀ ካለ ዝናቡ ሳይቀድምህ ድፈነው።