የባለላዳው ዲናሞ

አንድ ባለላዳ ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ታክሲው ከፊያት 124 ንድፍ የተወለደች፣ ከልጆቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ነበረች። አንድ ሰሞን ማታ ማታ መብራቷ ይደክም፣ ጠዋት ደግሞ ካልተገፋች አልነሳም ትል ጀመር። የተራው ጓደኞቹ «ባትሪው ሞቷል» አሉት፤ አዲስ ገዛ። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። ያኔ «ዲናሞው ነው፣ አውጥተህ ጣለው» አሉት።

ከመጣሉ በፊት ግን አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ኮፈኑን አስከፍተው ዲናሞውን አልነኩትም። መጀመሪያ ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። የላላ ቺንጋ ፑሊውን በደንብ ሳያዞር እየተንሸራተተ ስለሚያልፍ፣ ጤነኛውን ዲናሞ ሰነፍ ያስመስለዋል። ቀጥለው የባትሪውን ተርሚናሎች ፈትተው ዝገቱን አጸዱ፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውንም ሽቦ አጠበቁ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ዲናሞው ነው ብለውኛል እኮ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ግን ገና አላየንም።»

ሞተሩ ጠፍቶ ሲለኩ 12.3 ቮልት። ሞተሩ ተነስቶም ያው 12.3። ዲናሞው የሚሠራ ቢሆን 14 አካባቢ መድረስ ነበረበት። አሁን ተፈታ። ካርቦኖቹ ተበልተው አልቀዋል፤ የሚሄዱባቸው የመዳብ ቀለበቶች ቦይ አውጥተዋል፤ ጥቅልሉ ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ይሸታል። ሽማግሌው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡትና «ይኼ ሠርቶ ነው ያለቀው፤ አይሰደብም» አሉ።

ሌላ ዲናሞ ፍለጋ ተያይዘው ሶማሌ ተራ ወረዱ። የመጀመሪያው ሻጭ ከጃፓን መኪና የወረደ ትልቅ ዲናሞ አወጣ። «80 አምፔር ነው! ሁለት ላዳ ይቀልባል» አለ። ባለላዳው ዓይኑ በራ።

«ያንተዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 42 ነበራት» አሉት ሽማግሌው። «ሁለቱ የፊት መብራቶች ዝቅ ብለው ሲበሩ አንድ ላይ 10 አምፔር አይሞሉም። 80ው ለማን ነው?»

መኪና የምትስበው የምትፈልገውን ያህል ነው። ባትሪዋ ባዶ በሆነ ቀን ግን ያ ሁሉ ጉልበት በቀጭኑ አሮጌ ሽቦ ልለፍ ይላል፤ ሽቦውም ይግላል። ማሰሪያው ተቆርጦ ካልተበየደ አይገጥምም፤ ፑሊው ትንሽ ከመስመር ከወጣ ደግሞ ቺንጋ ይበላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እሰጣለሁ የሚለንን ስንሰማ፣ መቀበል የምንችለውን መለካት እንረሳለን።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የላዳ ዲናሞ ነበር፤ ዋጋውም ረከስ ያለ። ሽማግሌው የብሎኖቹን ራስ አዩ። ቀለሙ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም፤ ከተቀባ ወዲህ ቁልፍ አልነካውም። በእጃቸው ሲያዞሩት ኩሽኔታው ያንጎራጉራል።

«ክፈትልንና እንየው።»

«ከተከፈተማ ገዛችሁት ማለት ነው» አለ ሻጩ። አመስግነው ወጡ።

የገዙት የደበዘዘውን ነው። ዘይት የነካው፣ ከብርማው ዋጋው ወደድ ያለ ነበር። ሻጩ ግን ሳይጠየቅ ካቻቢቴ አንስቶ የካርቦኑን መያዣ ፈታ፣ የካርቦኖቹን ርዝመት አሳየ፣ ቀለበቶቹን በጣታቸው እንዲዳስሱ ሰጣቸው። ኩሽኔታው የተቀየረ ነው። ፑሊውም ማሰሪያውም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሲያዩት አንድ ነው።

ተገጠመ። ረዳቱ ልጅ «ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል ልንቀለውና እንፈትነው» ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ባትሪው በድንገት ሲለይ ቮልቱ ይወረወርና ጤነኛውን ዳዮድና ሬጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል። በዚያ ፈተና ስንት ደህና ዕቃ እንደጠፋ ሳስብ ያናድደኛል። እሳቸው ዝም ብለው ለኩ፤ 14.1። ከዚያ መብራቱን፣ ዝናብ መጥረጊያውን፣ የማሞቂያውን ፋን አስከፈቱና ነዳጅ አስረገጡ፤ 13.7። «አሁን ሂድ» አሉት።

በዚያው ሳምንት እሑድ የባለላዳው ዕድር ተሰበሰበ። ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ስላነሰ፣ አረጋዊው ገንዘብ ያዥ ይውረዱ የሚል ጉምጉምታ ነበር። ባለላዳው ተነሥቶ የዲናሞውን ታሪክ ከቺንጋው ጀምሮ ተረከላቸው። ሲጨርስ፣ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈሉት ስማቸው እንዲነበብ ጠየቀ። ተነበበ፤ ከጮኹት መካከል ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ገንዘብ ያዡ ግን ራሳቸው ተነሡና ዓይናቸው መዝገብ ማንበብ እንዳቃተው ተናግረው አሰናብቱኝ አሉ። ቤቱ ቆሞ አመሰገናቸው።

በምትካቸው አንድ ነጋዴና ለዓመታት የሴቶቹን ዕቁብ ስትጽፍ የኖረች አንዲት እናት ተጠቆሙ። ነጋዴው «ገንዘባችሁን በዓመት እጥፍ አደርገዋለሁ» ሲል ተጨበጨበለት።

«እጥፉን አልጠየቅንም» አለ ባለላዳው። «ሰው በሞተብን ዕለት ድንኳኑ እንዲተከል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘቡ እንዲደርስ ነው የምንፈልገው። እስከ ዛሬ የሰው ገንዘብ የያዙበት መዝገብ ካለ ያሳዩን።»

«አታምኑኝም ማለት ነው?» አለ ነጋዴው።

ሴትየዋ የዕቁቡን ደብተር ከዘንቢሏ አውጥታ ለዕድሩ ጸሐፊ ሰጠች። ጸሐፊው ከመስከረም ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ። ኅዳር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «እዚህ 70 ብር ጎድሏል» አለ።

«ከሥሩ ያንብቡት» አለች።

ከሥሩ ያልከፈለችው ሴት ስም፣ በኋላ የከፈለችበት ቀንና ፊርማዋ ነበር። ጸሐፊው ገጹን ገልጦ ወደ ታኅሣሥ አለፈ።